መገንጠልን የተወው የታሚሎች ፓርቲ

ጥያቄው፦ «በደቡብ ሕንድ ያለው የታሚሎች ፓርቲ ዲኤምኬ ድሮ ከሕንድ መገንጠል ይፈልግ ነበር ሲባል ሰማሁ። በኋላ ግን ዴልሂ ላይ ሚኒስትሮች እስከ ማስቀመጥ ደርሷል። ጥያቄውን ተገዶ ነው የተወው ወይስ በሥልጣን ተገዝቶ? ደግሞስ መሪዎቹ ለምንድነው ከሲኒማ የሚወጡት?»

ሕግ አስገድዶታል፤ ይህ እውነት ነው። ሕንድ በ1963 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ፣ ለምርጫ የሚወዳደር ሁሉ የአገሪቱን ሉዓላዊነትና አንድነት እጠብቃለሁ ብሎ እንዲምል አደረገች። ዲኤምኬም በዚያው ዓመት የመገንጠልን ዓላማ ከፕሮግራሙ ሰረዘ። ግን ሕጉ ባይወጣም ኖሮ ይተወው ነበር ባይ ነኝ። ልብ ይበሉ፤ ጥያቄውን የተወው እየተሸነፈ ሳለ አይደለም። በምርጫ ማሸነፍ በጀመረበት ሰዓት ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር እንጀራ ነው። በእንግሊዝ ዘመን የማድራስ ግዛት በጣም ሰፊ ነበር። ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ማላያላም እና ካንናዳ ተናጋሪዎችን አንድ ላይ ይዟል። ብራህሚኖች፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት ዘር የሆኑት፣ ከሕዝቡ 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንግሊዝኛ ቀድመው ስለተማሩ ግን ቢሮውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም በእነሱ ተሞልቶ ነበር። በ1916 ብራህሚን ያልሆኑ ባለመሬቶች፣ ነጋዴዎችና ሐኪሞች ተሰባስበው ፓርቲ አቋቋሙ። ሰዉ በጋዜጣቸው ስም «የፍትሕ ፓርቲ» አለው። በ1920 ምርጫ የነፃነት ትግሉን የሚመራው ኮንግረስ ፓርቲ አልወዳደርም ስላለ ሜዳውን ባዶ አገኙትና ሥልጣን ያዙ። የመንግሥት ሥራም ለየማኅበረሰቡ በኮታ እንዲከፋፈል አደረጉ። ነገር ግን የጌቶች ፓርቲ ነበር፤ ከድሃው ጋር አይተዋወቅም። በ1937 ኮንግረስ ሲወዳደር ጠራርጎ አስወጣቸው።

ያንን የተሸነፈ ፓርቲ አንስተው ሌላ ነገር ያደረጉት ኢ.ቪ. ራማሳሚ ናቸው። ሰዉ ፔሪያር ይላቸዋል፤ ታላቁ ማለት ነው። የኤሮድ ከተማ ሀብታም ነጋዴ ልጅ ነበሩ። በ1925 ኮንግረስን ጥለው «የራስ ክብር ንቅናቄ» የሚባለውን ይዘው ተነሱ። ካህን የማይገባበት ሠርግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና እንድታገባ መፍቀድ፣ የዘር መጠሪያን ከስም ላይ መፋቅ፣ አምላክ የለም ብሎ በአደባባይ መናገር፤ ይህን ሁሉ አደረጉት። በ1953 ጋኔሻ የሚባለውን የሂንዱ አምላክ ምስል በአደባባይ እስከ መስበር ሄደዋል። በሃይማኖተኛ አገር ይህን ብለውም አድርገውም ሰው መከተሉ እስከዛሬ ያስገርመኛል።

በ1937 የተመረጠው የኮንግረስ መንግሥት አንድ ትልቅ ስህተት ሠራ። መሪው ራጃጎፓላቻሪ ሂንዲ በትምህርት ቤቶች ግዴታ እንዲሆን አዘዙ። ፔሪያርና ተከታዮቻቸው አደባባይ ወጡ። ከታሰሩት መካከል ሁለቱ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ትእዛዙ በ1940 ተነሳ፤ ግን የብራህሚን ጉዳይና የቋንቋ ጉዳይ ያኔ ተጋቡ። ሂንዲ የሰሜኖች፣ የሰሜኖች ነገር ደግሞ የብራህሚኖች ተደርጎ ተቆጠረ። ፔሪያር እስር ላይ እያሉ የፍትሕ ፓርቲ መሪ ሆነው ተመረጡ። በ1944 ሳሌም ከተማ ላይ ስሙን ድራቪዳር ካዛጋም አሉት፤ የድራቪዶች፣ የደቡብ ሕንድ ሕዝቦች፣ ማኅበር ማለት ነው። ዓላማውም አራቱን የደቡብ ቋንቋዎች የያዘ «ድራቪዳ ናዱ» የሚባል ነፃ አገር ሆነ።

አሁን አናዱራይ ይመጣሉ። አጭር፣ ትንባሆ የሚያኝኩ፣ ከካንቺፑራም ሸማኔ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ማስተርስ ዲግሪ ያላቸው ሰው ናቸው። ሕዝቡ «አና» ይላቸዋል፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ለፔሪያር ቀኝ እጅ ነበሩ፤ ግን በ1947 ሕንድ ነፃ ስትወጣ ልዩነታቸው ፈጠጠ። ፔሪያር ቀኑን የሐዘን ቀን ነው አሉ። ለእሳቸው እንግሊዝ ሄዶ ብራህሚን መተካቱ ነው። አና ደግሞ የደስታ ቀን ነው ብለው በይፋ ተቃወሙ። በ1949 ፔሪያር በ69 ዓመታቸው 30 ዓመት ገደማ የሆናትን ረዳታቸውን ማኒያማይን አገቡ። ዕድሜ ያልተመጣጠነ ጋብቻን ሲያወግዙ የኖሩ ሰው ናቸው! ወጣቶቹ አልተዋጠላቸውም፤ ተለያዩ። ሠርጉ ምክንያት ሆነ እንጂ ጉዳዩ ከዚያ በፊት የበሰለ ነበር። ፔሪያር ምርጫ የሚባል ነገር አይወዱም፤ አና ግን ምርጫ መግባት ይፈልጋሉ።

ዲኤምኬ፣ በሙሉ ስሙ ድራቪዳ ሙኔትራ ካዛጋም፣ ማድራስ ላይ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1949 ተመሠረተ። ቀኑ የፔሪያር ልደት ነው። የሊቀመንበሩንም ወንበር ለእሳቸው ብለው ባዶ ተዉት። አና ዋና ጸሐፊ ብቻ ሆኑ። ፖለቲካዊ ብልሃት ነው፤ አባትየውን ሳትሰድብ ቤቱን መውረስ።

ስለ ሲኒማው የጠየቁት እዚህ ጋ ይገባል። ብዙ ሰው የሚመስለው ታዋቂ ተዋንያን ዝናቸውን ይዘው ፖለቲካ ውስጥ ዘለው እንደገቡ ነው። መጀመሪያ የገቡት ግን ጸሐፊዎቹ ናቸው። አናም፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ካሩናኒዲም፣ ቴአትርና የፊልም ንግግር ጻፊዎች ነበሩ። ካሩናኒዲ የጻፉትና በ1952 የወጣው «ፓራሳክቲ» የሚባለው ፊልም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ፍርድ ቤት አቁሞ ረጅም ንግግር ያስነግረዋል። በቤተ መቅደስ ስም የሚሠራውን ግፍ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሰዉ ንግግሩን በቃሉ ያዘው። ቴሌቪዥን በሌለበት፣ ብዙው ሰው ማንበብ በማይችልበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የመንደር ሲኒማ የሚታየው በድንኳን ነበር። ትኬቱ ርካሽ ነው። ደግሞ ዝቅተኛ የሚባለውም ከፍተኛ የሚባለውም እኩል ተቀምጦ ያያል፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይህ አይታሰብም ነበር።

ቋንቋውም ራሱ መሣሪያ ነበር። የዲኤምኬ ሰዎች አደባባይ ላይ የሚናገሩት ቤት የሚወራውን ታሚልኛ አልነበረም። የጥንቱን ቅኔ ያስታወሰ፣ ቤት የሚመታ፣ ከሳንስክሪት (ከካህናቱ ጥንታዊ ቋንቋ) የመጡ ቃላት ተለቅመው የወጡለት ታሚልኛ ነው። ሰዉ ስብሰባ የሚሄደው ፖለቲካ ሊሰማ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው ሲያምር ሊሰማ ነው። በየመንደሩ ደግሞ ፓርቲው ንባብ ቤት ይከፍታል። ጋዜጣው በሻይ ቤትና በፀጉር አስተካካይ ቤት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ኮንግረስ ባለርስቱንና ባለሱቁን ይዞ ድምፁን በእነሱ በኩል ሲሰበስብ፣ ዲኤምኬ ሻይ ቤት ያለውን ሥራ ፈላጊ ተማሪ ያዘ።

ተዋናዩ ኤምጂአር በ1953 ፓርቲውን ሲቀላቀሉ ይህ ሁሉ ሌላ ደረጃ ደረሰ። ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ውስጥ የተወለዱ፣ ቤተሰባቸው የማላያላም ተናጋሪ፣ ሆኖም የታሚል ድሆች ጣዖት የሆኑ ሰው ናቸው። በፊልም ላይ ሁልጊዜ ለድሃ ይቆማሉ። ልብሳቸው ጥቁርና ቀይ ይሆናል፤ የፓርቲው ባንዲራ ቀለም ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይታያል፤ እሱም የፓርቲው የምርጫ ምልክት ነው። የሳንሱር ሰዎች ፀሐይ አትውጣ ሊሉ አይችሉም! አድናቂዎቻቸው በየሰፈሩ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ በምርጫ ጊዜ የፓርቲ ቅርንጫፍ ይሆናል።

ወደ መገንጠሉ እንመለስ። ድራቪዳ ናዱ አንድ የሚያሳፍር ችግር ነበረበት። ከታሚሎች በቀር የሚፈልገው አልነበረም። ቴሉጉዎቹ በ1953 የራሳቸውን ግዛት አገኙ። በ1956 ደግሞ የሕንድ ግዛቶች በአብዛኛው በቋንቋ ተከለሉ። ማላያላሞቹም ካንናዳዎቹም ቤታቸውን አገኙና ነገሩን ዘጉት። ለአራት የታሰበው አገር ባለቤቱ አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ታሚሎቹም ቢሆኑ በቋንቋቸው የሚተዳደር ግዛት በእጃቸው ገባ። የጎደለው መንግሥቱን መያዝ ነበር።

በ1956 ዲኤምኬ ቲሩቺራፓሊ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ምርጫ እንግባ አንግባ ብሎ አባላቱን ድምፅ አሰጠ። እንግባ ተባለ። በ1957 በግዛቱ ምክር ቤት 15 ወንበር አገኘ፣ በ1959 የማድራስን ከተማ አስተዳደር ያዘ፣ በ1962 የምክር ቤት ወንበሩን 50 አደረሰ። አና ራሳቸው ግን በዚያ ዓመት በገዛ ከተማቸው ተሸነፉ። ከዚያ ዴልሂ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሄዱና በመጀመሪያ ንግግራቸው የድራቪዶችን ራስን በራስ የመወሰን መብት ጠየቁ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሥርዓት ያለው፣ ስድብ የሌለበት። ያ ለጥያቄው የመጨረሻው ትልቅ መድረክ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቻይና ጋር ጦርነት ተነሳ። አና ቅስቀሳውን አቁመው ከመንግሥት ጎን ቆሙ። ቀጥሎ የ1963ቱ ማሻሻያ መጣ።

እንግዲህ ፓርቲው ፊት ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ከሕግ ውጭ ሆኖ ማንም የማይጋራውን አገር መጠየቅ። ሁለተኛው በሚቀጥለው ምርጫ ማድራስን መረከብ። አና ዓላማውን ተዉ፤ ዓላማውን የወለዱት ምክንያቶች ግን አሁንም አሉ ብለው ተናገሩ። ተከታዮቻቸው ብዙም አልተቆጡም። ልባቸው ያለው ቋንቋቸውና የሥራ ኮታው ላይ ስለነበር ነው። ኮታው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት 1951ን ማየት ይበቃል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማድራስን ኮታ ሲሽር ደቡቡ ተናወጠ፤ የሕንድ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ከዚያ ዴልሂ ራሷ ለዲኤምኬ ስጦታ ላከች። ሕገ መንግሥቱ ከጃንዋሪ 26 ቀን 1965 ጀምሮ ሂንዲ ብቸኛው የማዕከል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ይላል። የታሚል ወጣት ይህን ሲሰማ የታየው የሲቪል ሰርቪስ ፈተናው ነው። የሰሜኑ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲፈተን እሱ በባዕድ ቋንቋ ሊፈተን ነው። ገና በ1964 ቺናሳሚ የሚባል ሰው ቲሩቺራፓሊ ላይ ራሱን አቃጥሎ ሞቶ ነበር። በ1965 ተማሪዎች ወጡ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ ባቡር ጣቢያ ተቃጠለ። በመንግሥት አኃዝ 70 ያህል ሰው ሞተ። ከታሚል አካባቢ የተመረጡ ሁለት የማዕከል ሚኒስትሮች መልቀቂያ አስገቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሻስትሪ በሬዲዮ ቀርበው እንግሊዝኛ እንደሚቀጥል ቃል ገቡ፤ በ1967ም በሕግ ጸና። ዲኤምኬ እሳቱን እኔ አልለኮስኩትም አለ። በከፊል እውነቱን ነው፤ ተማሪዎቹ ከፓርቲው ቀድመው ሄደው ነበር። ሙቀቱን ግን ፓርቲው ሞቆታል።

የ1967 ምርጫ ሲደርስ የሩዝ እጥረትም ነበር። ዲኤምኬ በአንድ ሩፒ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ እሰጣለሁ አለ። ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ኤምጂአር በሌላ ተዋናይ ጥይት አንገታቸውን ተመቱ። አንገታቸው በፋሻ የተጠቀለለበት ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ። ከሆስፒታል ሳይወጡ ተመረጡ። ፓርቲው ከ234 ወንበር 137 አገኘ። የኮንግረስ ታላቁ ሰው፣ ነህሩን ማን እንደሚተካ በማስወሰን የሚታወቁት ካማራጅ፣ በገዛ ከተማቸው በአንድ የተማሪዎች መሪ ተሸነፉ። በጣም የሚያስቀው ግን የጥምረቱ ጉዳይ ነው። በ1937 ሂንዲን ያዘዙት ራጃጎፓላቻሪ፣ ብራህሚኑ፣ አሁን ከኮንግረስ ተጣልተው የዲኤምኬ አጋር ሆነው ነበር።

አና በሁለት ዓመት ውስጥ ያደረጉት ነገር ስለ መጀመሪያው ጥያቄዎ ከእኔ ትንታኔ ይልቅ ይናገራል። ካህን የሌለበትን ሠርግ ሕጋዊ አደረጉ። ትምህርት ቤቶች ታሚልኛና እንግሊዝኛ ብቻ እንዲያስተምሩ ወሰኑ፤ ሂንዲ ወጣ። የግዛቱን ስም ከማድራስ ወደ ታሚል ናዱ አስቀየሩ፤ ይህ በጃንዋሪ 1969 ሥራ ላይ ዋለ። ንቅናቄው ነፃ አገር ቢያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ሩዙ ግን ሦስት መስፈሪያ አልሆነም። አንድ መስፈሪያ ሆነ፤ እሱም በማድራስና በኮይምባቶር ብቻ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1969 አና በካንሰር ሞቱ። ለቀብራቸው የወጣው ሕዝብ በጊዜው በዓለም ትልቁ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር።

ካሩናኒዲ ተተኩ። እሳቸው ጥያቄውን ወደ «የግዛት ራስ ገዝነት» ቀየሩት። በ1969 ማዕከሉና ግዛቶቹ ሥልጣን እንዴት ይካፈሉ የሚለውን የሚያጠና በዳኛ ራጃማናር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1974 የግዛቱ ምክር ቤት የራስ ገዝነት ውሳኔ አሳለፈ። የነፃነት ቀን የግዛት ዋና ሚኒስትሮች ባንዲራ መስቀል የጀመሩትም በእሳቸው ሙግት ነው፤ ከዚያ በፊት የሚሰቅሉት ዴልሂ የምትሾማቸው አገረ ገዢዎች ነበሩ።

በ1972 ግን ቤቱ ተሰነጠቀ። ኤምጂአር የፓርቲው ሂሳብ ይመርመር አሉ፤ ተባረሩ። በቀናት ውስጥ በአና ስም የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ፤ አሁን ኤአይኤዲኤምኬ የሚባለው ነው። ጸሐፊው እና ተዋናዩ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በ1977 ተዋናዩ አሸነፉ፤ በ1987 እስኪሞቱ ድረስ የሚችላቸው አልተገኘም። ከእሳቸው በኋላ ተዋናይቷ ጃያላሊታ መጡ። እሳቸው ደግሞ ብራህሚን ናቸው፤ ፔሪያር ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር!

በዚህ መሀል ዴልሂ የካሩናኒዲን መንግሥት ሁለት ጊዜ አፍርሳለች። በ1976 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ያወጁትን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በመቃወማቸው፣ በ1991 ደግሞ እዚያ ነፃ የታሚል አገር ለማቆም ከሚዋጉት ከስሪላንካ የታሚል ነብሮች ጋር ትስስር አላችሁ ተብለው። በ1976 ልጃቸው ስታሊንም ታስሮ ነበር። (አዎ፣ ስሙ ከሶቪየቱ ነው፤ በማርች 1953፣ ሰውየው በሞተበት ሰሞን ተወለደ።) በ1991 በምርጫው ዘመቻ ወቅት የኮንግረሱ መሪ ራጂቭ ጋንዲ ታሚል ናዱ ውስጥ በነብሮቹ ተገደሉ፤ ዲኤምኬም በምርጫው ወደቀ። ሁለቴ ፈርሶ፣ አመራሩ ታስሮ፣ መገንጠልን ግን እንደገና አላነሳም። ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ እቆጥረዋለሁ። በሥልጣን ብቻ የተገዛ ቢሆን ኖሮ ሥልጣኑ ሲነጠቅ ወደ ድሮው ይመለስ ነበር።

ከ1989 እስከ 2014 ዴልሂ ላይ ብቻውን መግዛት የሚችል ጠፋና የግዛት ፓርቲዎች ዋጋ ናረ። ዲኤምኬ በ1996 ከግራ ዘመሞቹ ጥምረት፣ በ1999 ከሂንዱ ብሔርተኛው ቢጄፒ፣ በ2004 ከኮንግረስ ጋር ተቀመጠ። ለፔሪያር ልጆች ከቢጄፒ ጋር መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን አደረጉት። በምትኩ ሚኒስትርነት፣ የመንገድና የወደብ በጀት፣ በ2004 ደግሞ ታሚልኛ ጥንታዊ ቋንቋ ተብሎ በመንግሥት መታወቁን አገኙ። «ተገዝቶ» ያሉት በዚህ ዘመን ላይ ከሆነ አልከራከርዎትም። የቴሌኮም ሞገድ ሽያጭ ቅሌት ሚኒስትራቸውን በ2010 ከወንበሩ አስነስቶ እስር ቤት አስገብቶታል፤ በ2017 ፍርድ ቤት ነፃ አለው።

ከሁሉ የባሰው ጉድለት ግን ሙስና አይመስለኝም። ንቅናቄው የጠቀመው በአብዛኛው መካከለኛ የሚባሉትን ዘሮች ነው። ታችኛዎቹ፣ ዳሊቶቹ፣ ብራህሚን ሲወርድ አዲሱ ጌታቸው የመንደራቸው ባለመሬት ሆኖ አገኙት። ዲሴምበር 25 ቀን 1968፣ አና ራሳቸው ሥልጣን ላይ እያሉ፣ በኪልቬንማኒ መንደር የደመወዝ ጭማሪ የጠየቁ የዳሊት የእርሻ ሠራተኞች ከእነ ልጆቻቸው ጎጆ ውስጥ ተቃጠሉ። 44 ሰው ሞተ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ባለመሬቶቹን ነፃ ለቀቀ። የራስ ክብር የሚባለው ነገር እነሱ ጋ አልደረሰም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሌላው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የዘር የበላይነትን ሊያጠፋ የተነሳ ፓርቲ ከካሩናኒዲ ወደ ስታሊን፣ ከስታሊን ወደ ልጁ ወደ ኡዳያኒዲ ሲሻገር ታይቷል። ኡዳያኒዲም የፊልም ተዋናይ ነበር። በ2024 ምክትል ዋና ሚኒስትር ሆነ።

ካሩናኒዲ በ2018 በ94 ዓመታቸው ሲሞቱ ማሪና የባሕር ዳርቻ አና አጠገብ እንዲቀበሩ ፍርድ ቤት መወሰን ነበረበት። በ2021 ስታሊን በምርጫ አሸንፎ ዋና ሚኒስትር ሆነ። ሴቶች በከተማ አውቶቡስ በነፃ እንዲሄዱ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ቁርስ እንዲበሉ አደረገ። ከዴልሂ ጋር የነበረው ክርክር ግን አዲስ መልክ ያዘ። ደቡቡ የወሊድ ቁጥሩን ቀድሞ ስለቀነሰ፣ የፓርላማ ወንበር እንደ ሕዝብ ብዛት እንደገና ይከፋፈል ከተባለ ድርሻው ያንሳል፤ ሰሜኑ ይበዛል። በማርች 2025 ስታሊን የሌሎች ግዛቶችን መሪዎች ቼናይ (የድሮዋ ማድራስ) ጠርቶ ይህን ለመቃወም የጋራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኬረላም መጣች፣ ከካርናታካና ከቴላንጋናም መጡ። በቀጣዩ ወር ደግሞ የግዛቶችን ሥልጣን የሚያጠና፣ በጡረታ የወጡ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚመሩት ኮሚቴ ሰየመ።